የጠባቂው ዐይንና የሰልፈኛው መልክ

ሌሊት ከደጃፍ ላይ ለሚያድር ዘበኛ ከዱላውና ከፋኖሱ ይልቅ የሚያስፈልገው ቅን ዐይን ነው። ዱላው ሌባውን ይመታበታል፥ ፋኖሱም መንገዱን ያበራለታል፤ ዳሩ ግን የመጣው ሰው ሌባ ወይም እንግዳ መሆኑን የሚለይለት ዐይኑ ነው። ዐይኑ አስቀድሞ በአድልዎ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ቡትቶ የለበሰውን መንገደኛ ሲያይ ይጮኻል፤ ካባ የደረበውን ሌባ ግን እጅ ነሥቶ ያሳልፈዋል። በማግስቱ የቤቱ ጌታ ሣጥኑ ተሰብሮ ባገኘ ጊዜ ዘበኛው «ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ነበር» ብሎ ቢምል እውነቱን ነው። የበደለው በመተኛቱ ሳይሆን በማዳላቱ ነው።

በዚህ ወር በዓምዳችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከአንድ ቤት ደጃፍ የሰፋ ቢሆንም መነሻው ይኸው ነው። መንግሥታት ሁሉ፥ ብዙ ሕዝብ በአደባባይ በሚሰለፍበት ቀን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው የሚመረምሩ፥ ወሬ የሚሰበስቡና ማስጠንቀቂያ የሚጽፉ ሠራተኞች አሏቸው። እነርሱ የሚጽፉት ጥቂት ገጽ ወረቀት ስንት ፖሊስ እንደሚቆም፥ ወታደር ይጠራ ወይም አይጠራ እንደ ሆነ፥ ሰልፈኛው በሰላምታ ወይም በዱላ የሚቀበሉት እንደ ሆነ ይወስናል። እንግዲህ ጸሐፊው የሰልፈኛውን ሥራ ሳይሆን የቈዳውን ቀለም ተመልክቶ የጻፈ እንደ ሆነ ምን ይከተላል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ለጥያቄው መልስ የምንፈልገው ከአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ታሪክ ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛው፥ በዚያ አገር የጸጥታ ክፍሎች የጻፏቸው ብዙዎቹ ወረቀቶች በአገሩ ምክር ቤትና በመርማሪዎቹ ተገልጠው ስለ ታተሙ፥ የምንናገረው በሐሜት ሳይሆን በማስረጃ ነው። ሁለተኛው፥ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ሠርተው፥ ቤተ ክርስቲያን መሥርተው፥ ልጆች ወልደው ይኖራሉ። ወላጆቹ ራሳቸውን «ሐበሻ ነን» ይበሉ እንጂ፥ ልጃቸው በሰልፍ መካከል በቆመ ጊዜ ከሩቅ የሚመለከተው ጠባቂ የሚያየው አንድ ጥቍር ወጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ቤት ነገር አይደለም። በጽሑፋችን የምናነሣቸው ቀኖችና ዓመታት፥ ካልገለጽን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ የሚያህል ሕዝብ በዋሽንግተን ከተማ ለሥራና ለነጻነት ተሰለፈ። የሰልፉ አባት አረጋዊው የሠራተኞች መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ፥ ሥራውን ያደራጀው ባያርድ ረስቲን፥ ከተናጋሪዎቹም ሁሉ ስሙ የገነነው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። ሰልፈኞቹ አብዛኞቹ ጥቍሮች ሲሆኑ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ነጮችም አብረዋቸው ነበሩ። ብዙዎቹ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው፥ ስንቃቸውን ይዘው፥ ከየቤተ ክርስቲያናቸው በአውቶቡስ ተሳፍረው የመጡ ነበሩ። አዘጋጆቹም ጸጥታውን ራሳቸው እንዲያስከብሩ ከኒውዮርክ ጥቍር የፖሊስ ባልደረቦችን ያለ ጦር መሣሪያ አምጥተው ነበር።

ከተማይቱ ግን የተዘጋጀችው ጦር እንደሚመጣባት ከተማ ነው። በዕለቱ መጠጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ሐኪም ቤቶች ለቍስለኛ ቦታ እንዲኖራቸው ሲሉ ሊቈይ የሚችለውን የቀዶ ጥገና ሕክምና ለሌላ ቀን አሳለፉ። የከተማይቱ የቤዝቦል ቡድን ግጥሚያዎች ተላለፉ። በከተማይቱ ዙሪያ በሚገኙት የጦር ሰፈሮች በብዙ ሺህ የሚቈጠር ወታደር ተነሥ ሲባል ለመነሣት ተጠንቅቆ ይጠባበቅ ነበር። ተናጋሪዎቹ ሕዝቡን ያነሣሡ እንደ ሆነ የድምፅ ማጉያውን መስመር የሚቈርጥ ሰው እንኳ ተመድቦ ነበር። ከሰልፉ ሦስት ቀን አስቀድሞም በቴሌቪዥን ቀርበው የነበሩት መሪዎች፥ ይህን ያህል ጥቍር ሕዝብ ያለ ሁከት እንዴት ሊሰበሰብ ይችላል ተብለው ተጠይቀዋል።

ሆኖም የተፈራው ነገር ሁሉ ሳይደርስ ቀረ። ሕዝቡ ዘመረ፥ ሰማ፥ ጸለየ፥ ማታም ወደየቤቱ ተመለሰ። በዕለቱ ፖሊስ የያዛቸው ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ሲሆኑ፥ ከእነርሱ አንዱ ሰልፉን ለመቃወም የመጣ የአሜሪካ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ፤ አንድ ጊዜ የደነገጠ ሰው በከንቱ ነገር ቢደነግጥ አይፈረድበትም ማለት ነው። የዋሽንግተን ሹማምንት ግን ከልጡ የሸሹት እባቡን ሳያዩ ነው። ያን ሕዝብ አስፈሪ ያደረገው የሠራው ሥራ ሳይሆን መልኩ ነበርና።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው በጽሕፈት ቤት ውስጥ የሆነው ነው። ከሰልፉ አምስት ቀን በፊት፥ በፌዴራል የምርመራ ቢሮ ውስጥ የአገር ውስጥ ስለላ ክፍል ኀላፊ የነበረው ዊሊያም ሰሊቫን ለአለቃው ለጄ. ኤድጋር ሁቨር አንድ ሰፊ ሐተታ አቅርቦ ነበር። የሐተታውም ፍሬ ነገር ኮሚኒስቶች የጥቍሮቹን እንቅስቃሴ ለመያዝ ለብዙ ዘመን ቢጥሩም ሳይሳካላቸው ቀርቷል የሚል ነው። ሁቨር ይህን ሲያነብ በንቀት መለሰው። ሰልፉ በሰላም ባለቀ በሁለተኛው ቀን፥ ኦገስት 30፥ ያው ሰሊቫን ሌላ ማስታወሻ ጻፈ፤ አለቃው ትክክል እንደ ነበሩ፥ ክፍሉ እንደ ተሳሳተ አመነ፤ ኪንግንም ለአገሪቱ ከጥቍሮች ሁሉ አደገኛው ሰው አድርጎ ፈረጀው። በኦክቶበር ወር የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ የኪንግ ስልክ እንዲጠለፍ ፈቀደ። ይህ ሁሉ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1975ና በ1976 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው የሴናት ኮሚቴ መዝገቡን በከፈተ ጊዜ ነው።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። በኦገስት 23ና በኦገስት 30 መካከል ሰልፈኞቹ አንዲት መስታወት አልሰበሩም። በእነዚያ ሰባት ቀናት የተለወጠው የሕዝቡ ጠባይ ሳይሆን የአለቃው ፊት ነበር። እውነቱን የጻፈው ሠራተኛ እንጀራውን ፈርቶ እውነቱን ከለወጠ፥ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ የአገር መጠበቂያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ጥላቻ መስታወት ይሆናል።

የጠባቂው ዐይን ወደ ኪንግ ቤት ስልክ ባዘነበለበት በዚያው ወራት እውነተኛው አደጋ በሌላ በር ገባ። ሰልፉ በተደረገ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፥ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፥ በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ የጥቍሮች ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሥር የተቀበረ ፈንጂ በእሑድ ጧት ፈንድቶ አራት ልጃገረዶችን ገደለ። ሦስቱ የዐሥራ አራት ዓመት፥ አንዲቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበሩ። ፈንጂውን ያስቀመጡት ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው የነጮች ማኅበር ሰዎች ናቸው። የምርመራው ቢሮ በ1965 ተጠርጣሪዎቹን ለይቶ ዐውቆ ሳለ ሁቨር ክሱ እንዲቀርብ አልፈቀደም፤ ስለዚህም ከገዳዮቹ የመጀመሪያው በ1977፥ ሁለተኛው በ2001፥ ሦስተኛው በ2002 ነው የተፈረደበት። ልጇን ለእሑድ ትምህርት አልብሳ የላከች እናት ፍርድ ለማየት ዐሥራ አራት ዓመት፥ ሌላዋም ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ጠበቀች። አድልዎ የጸጥታ ጥበብ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱን በእነዚህ አራት መቃብሮች ላይ ያንብብ።

በሁለተኛው ዓመት፥ ማርች 7 ቀን 1965፥ በዚያው በአላባማ በሴልማ ከተማ ስድስት መቶ ያህል ሰዎች የመምረጥ መብታቸውን ለመጠየቅ በሰላም ድልድይ ሲሻገሩ የግዛቱ ፖሊሶች በዱላና በአስለቃሽ ጢስ ወረዱባቸው። የፖሊሶቹም ምክንያት ሕዝቡ ለጸጥታ ያሰጋል የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ፥ ማርች 15 ቀን፥ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስ ወደ ሴልማ ሄደው፥ በነጮች እጅ ተደብድቦ ለሞተው ቄስ ለጄምስ ሪብ በተደረገው መታሰቢያ ላይ ከዶክተር ኪንግ ጎን ቆሙ። ላይፍ የተባለው መጽሔትም ሁለቱን በአንድነት በሽፋኑ ላይ አወጣ። ሊቀ ጳጳሱ የተወለዱት በኢምብሮስ ደሴት ነበር፤ በቱርክ አገዛዝ ሥር በጥርጣሬ ዐይን መታየት ምን እንደ ሆነ ከልጅነታቸው ያውቁ ነበር። ያን ጊዜ ከሕዝባቸው ብዙዎች ነቅፈዋቸዋል፤ ዛሬ ግን ያ ሥዕል ለኦርቶዶክሳውያን ቤቶች ሁሉ መመኪያ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ ሌላው ሰው «አደገኛ» ብሎ ከጻፈው ሕዝብ ጋር ቀርቦ መቆም፥ ሕዝቡ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻል መንገድ መሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ አድልዎ ወደ ማስጠንቀቂያ ወረቀት የሚገባባቸውን በሮች እንመልከት፤ በሮቹ ሦስት ናቸውና።

የመጀመሪያው በር ወሬ በሚሰበሰብበት ጊዜ ይከፈታል። ጠባቂው ጆሮውን ወዳዘነበለበት ወገን ብዙ ወሬ ይሰማል፤ ብዙ ወሬ ከመስማቱም የተነሣ ያ ወገን ብዙ አደጋ ያለበት ይመስለዋል። ያላዳመጠው ወገን ግን ዝም ያለ ይመስለዋል። ሁለተኛው በር ወሬው በሚመዘንበት ጊዜ ነው። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ክፉ ቢሠራ «ይህ ሰው ክፉ ነው» ይባላል፤ ከሌላው ወገን አንድ ሰው ክፉ ቢሠራ ግን «ይህ ሕዝብ ክፉ ነው» ይባላል። የአንዱ ቍጣ «ብሶት» ሲባል የሌላው ቍጣ «ዐመፅ» ይባላል። ሦስተኛው በር በሰሊቫን ታሪክ እንዳየነው ወረቀቱ ለአለቃ በሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ አለቃው ሊሰማው የማይወደው እውነት ከመሳቢያ አይወጣም።

ይህንንም የምንለው በግምት አይደለም። ክርስቲያን ዳቨንፖርት፥ ሣራ ሱልና ዴቪድ አርምስትሮንግ የተባሉ ሊቃውንት በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ1960 እስከ 1990 በአሜሪካ የተደረጉትን ከዐሥራ አምስት ሺህ በላይ ሰልፎች መርምረዋል። የጥቍሮች ሰልፍ በሆነ ጊዜ ፖሊስ የመምጣቱ ነገር ከነጮች ሰልፍ ይልቅ የበዛ ሆኖ አግኝተውታል፤ ከመጣም በኋላ ሰው ወደ መያዝና ወደ ኀይል ሥራ ይበልጥ አዘንብሏል። ልዩነቱ በየዓመቱ አንድ ዐይነት እንዳልነበረም አልሸሸጉም። ከፍ ብሎ የታየባቸውና የጠፋባቸው ዓመታት ነበሩ። ይህም ለእኛ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ እንደ ዓመቱ የሚለዋወጥ ነገር የተፈጥሮ ሕግ አይደለምና ሊታረም ይችላል።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ሦስቱም በሮች ተከፍተው እናገኛቸዋለን። በኤፕሪል 2009 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ተንታኞች፥ የኑሮ መክበድና የመጀመሪያው ጥቍር ፕሬዚዳንት መመረጥ የነጭ አክራሪዎችን ማኅበራት ሊያበረታ ይችላል፥ ከጦር ሜዳ የተመለሱትንም ወታደሮች ሊያስቱ ይጥራሉ ብለው አስጠነቀቁ። ከፖለቲካ ሰዎችና ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ሚኒስትሯ ወታደሮቹን ይቅርታ ጠየቁ፥ ወረቀቱም ከሥራ ላይ ወረደ፥ የጻፈውም ክፍል ተዳከመ። መለከቱን የነፋው ጠባቂ ራሱ ተነቀፈና መለከቱ ተወሰደበት።

ከስምንት ዓመት በኋላ፥ ኦገስት 3 ቀን 2017፥ የምርመራው ቢሮ «የጥቍር ማንነት አክራሪዎች» የሚል አዲስ ስም የሰጠበትን ማስጠንቀቂያ ለፖሊሶች አሠራጨ። ከ2014 ጀምሮ የተፈጸሙ ስድስት ጥቃቶችን ሰብስቦ በአንድ ስም አሰራቸው። ጥቃቶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ በፖሊሶች ላይ የደረሰውን ሞት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ የጥቂት ግለሰቦች ወንጀሎች በአንድ ላይ ታስረው የአንድ ወገን እንቅስቃሴ ስም ሲወጣላቸው፥ ስለ ፍትሕ በሰላም የሚሰለፈው ሁሉ በዚያው ስም ጥላ ሥር ይወድቃል። ይህ ሁለተኛው በር ነው። ወረቀቱ በተጻፈ በዘጠነኛው ቀን በሻርለትስቪል የተሰበሰቡት የነጭ ዘር አክራሪዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ መኪናውን በተቃዋሚዎቻቸው ላይ ነድቶ አንዲት የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ገደለ፥ ብዙዎችንም አቈሰለ። በዚያ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ወሬ አልጠፋም ነበር፤ የቆሙት ፖሊሶች ግን ግጭቱን በጊዜው ሳይገቱ ቀሩ። የምርመራው ቢሮም ከጊዜ በኋላ ያንን ስም መጠቀም ተወ።

በሜይ ወር 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ፥ አገሪቱም ሁሉ በሰልፍ ተናወጠች። በእነዚያ ሌሊቶች ቃጠሎና ዝርፊያ የደረሰባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ በዋሽንግተን የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንኳ እሳት ተለኵሶበት ነበር። ይህን መካድ ለእውነት አይረዳም። ሆኖም ግጭቶችን የሚቈጥረው አክሌድ የተባለው ድርጅት ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ የተደረጉትን ከ7,750 የሚበልጡ ሰልፎች መዝግቦ፥ ከመቶው ዘጠና ሦስት ያህሉ ፍጹም ሰላማዊ እንደ ነበሩ አስታውቋል። ለዚህ ሰልፍ በዋሽንግተን አምስት ሺህ ያህል የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተሰለፉ፤ በአብርሃም ሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ረድፍ ሠርተው የቆሙበት ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ።

ከሰባት ወር በኋላ፥ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021፥ የምርጫውን ውጤት ለማስለወጥ የመጣ፥ አብዛኛው ነጭ የሆነ ሌላ ሕዝብ በዚያችው ከተማ ተሰበሰበ። ስለዚህ ቀን ወሬ አልነበረም እንዳይባል፥ የካፒቶል ፖሊስ የወሬ ክፍል በጃንዋሪ 3 በጻፈው ወረቀት የሰልፈኞቹ ዒላማ ምክር ቤቱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አመልክቶ ነበር፤ ቃሉ ግን በወረቀቱ መጨረሻ ተሸሽጎ ቀረ። በማግስቱ የወጣው የየዕለቱ ማስታወሻ ደግሞ ሁከት መነሣቱን የማይመስል ነገር አድርጎ መዘነው። በጃንዋሪ 5 የምርመራው ቢሮ የኖርፎክ ቅርንጫፍ ሰዎች ለጦርነት እንደሚዘጋጁ ጻፈ። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የስለላ ክፍልም አስጊ ወሬ በእጁ ሳለ፥ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ነገሩ ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ፥ በጃንዋሪ 8 ነበር። ለከተማይቱ የተፈቀደው የብሔራዊ ዘብ ቍጥር 340 ያህል ሲሆን ሥራቸውም መንገድ ማሳለፍ ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደ ተባለው፥ ባንዲራ ይዞ «እኛ የፖሊስ ወዳጆች ነን» ይል የነበረው ሕዝብ የምክር ቤቱን መስኮት ሰብሮ ገባ፤ አንድ መቶ አርባ ያህል ፖሊሶችም ቈሰሉ።

የዋሽንግተን ወገኖቻችን ይህን ቀን የሚያስታውሱበት ሌላም ምክንያት አላቸው። በእኛ አቈጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ የጌታችን የልደት ዋዜማ ነበር። የከተማይቱ ከንቲባ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ያዘዙት፥ ምእመናን ነጠላቸውን ለብሰው ለቅዳሴ በሚቆሙበት በዚያው ሌሊት ነው። ጠባቂ ሲሳሳት ስሕተቱ የሚደርሰው በሹማምንቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በነገሩ የሌለበት ሰላማዊ ቤት ሁሉ ይካፈለዋል።

በዚህ ላይ ሚዛናችን እንዳያጋድል አንድ ነገር ልንጨምር ይገባናል። የጃንዋሪ 6 ጥፋት ምንጩ የዘር አድልዎ ብቻ ነበር አንልም። መርማሪዎቹ የመሥሪያ ቤቶችን አለመነጋገር፥ የትእዛዝ መዘግየት፥ የሠራተኞችን ልምድ ማነስ አግኝተዋል። ከስለላ ክፍሉም ሠራተኞች አንዳንዶቹ፥ በ2020 በፖርትላንድ ሰልፎች ላይ በጻፉት ምክንያት ተነቅፈው ስለ ነበር፥ ዳግመኛ ለመጻፍ ፈርተው ነበር። ወታደር በሰላማዊ ሰልፈኛ ላይ ማሰለፍ ያመጣውን ነቀፌታ የፈሩም ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደግሞም «ነጮች ናቸውና አንፈራቸውም» የሚል ወረቀት አልተገኘም። ነገር ግን አድልዎ በቀለም ተጽፎ አይገኝም፤ የሚገኘው በሚዛኑ መዛባት ነው። በ1963 ምንም ያልሠራ ሕዝብ በወታደር ተከበበ፤ በ2021 «ምክር ቤቱን እንይዛለን» እያለ በግልጥ የሚጽፍ ሕዝብ መንገድ በሚያሳልፉ ጥቂት ወታደሮች ተጠበቀ። ያንዱ ዝምታ አስፈራ፥ የሌላው ጩኸት አላስፈራም። ይህን ለማየት የተሰወረ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም።

አንዳንድ ሰው «ጠባቂ አብዝቶ ቢፈራ ምን ይጎዳል? ከመዘናጋት መጠንቀቅ ይሻላል» ይል ይሆናል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። መጠንቀቅ ማለት አደጋ ያለበትን ለይቶ ማወቅ እንጂ የፈለጉትን ሕዝብ መፍራት አይደለም። በአድልዎ የሚጠነቀቅ ጠባቂ በአንድ ጊዜ ሁለት በደል ይሠራል፤ ንጹሑን ያዋርዳል፥ ለበደለኛው ደግሞ በሩን ይከፍትለታል። ወታደር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ሲቆም ጀርባው ባዶ ነውና። ስለዚህ ፍትሕና ደኅንነት እንደሚጣሉ ባልንጀሮች ተቈጥረው አንዱ ለሌላው ይሠዋ ሊባል አይገባም። ቅን ሚዛን የሌለው ጥበቃ ጥበቃ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለቤታችን ምን ይጠቅመዋል? በውጭ አገር ላላችሁ ወላጆች በመጀመሪያ የምንለው፥ ልጆቻችሁ ይህን ታሪክ ከእናንተ አፍ ይስሙት ነው። ወጣቱ ልጃችሁ ወደ ሰልፍ ሲሄድ፥ ወይም ከጓደኞቹ ጋር በመንገድ ሲቆም፥ የሚመለከተው ዐይን ሁሉ ቅን እንዳልሆነ ማወቁ ያስፈልገዋል፤ ፈሪ እንዲሆን ሳይሆን አስተዋይ እንዲሆን። በዚያውም ላይ፥ የሌላ ሰው ፍርሃት የእርሱን ማንነት እንደማይወስነው ንገሩት። በ1963 የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው የተሰለፉት ሰዎች የከበቧቸውን ወታደሮች ያውቁ ነበር፤ ዘለፋ ግን ከአፋቸው አልወጣም። ዐይኑ የተዛባው ጠባቂ ዕለቱን ሙሉ ቢፈልግ የሚጽፈው ክስ አጣ።

ሁለተኛው ምክራችን ለሁላችንም ነው። ሰው የተበደለበትን ሚዛን ራሱ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው። እኛም ደግሞ በየመንደራችን፥ ልብሱ ከልብሳችን፥ ቋንቋው ከቋንቋችን የተለየ ሕዝብ ሲሰበሰብ «ምን ሊያደርጉ ነው?» ብለን በር የምንዘጋበት፥ የእኛው ወገን ሲሰበሰብ ግን «ለበዓል ነው» ብለን የምናልፍበት ጊዜ አለ። ልጆች ይህን ከትምህርት ቤት አይማሩትም። የሚማሩት እናትና አባት በምሳ ሰዓት ከሚጥሉት አንዲት ቃል፥ ከፊታቸውም መጨማደድ ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ሕዝብ መሰብሰብ የሚያስፈራ ወሬ ወደ ቤታችን በመጣ ጊዜ፥ ወሬውን ለጎረቤት ከማሳለፋችን አስቀድመን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ ነው የተባለው፥ ወይስ የተነገረን ማን መሆናቸው ብቻ ነው? ወሬውን ያመጣው ሰው ያየውን ይነግረናል፥ ወይስ አለቃው ወይም ወዳጁ እንዲሰማ የሚወደውን? ይህንኑ ነገር ያደረገው የገዛ ወንድማችን ቢሆን ኖሮ በዚያው ስም እንጠራው ነበርን? ሦስቱን ጥያቄዎች በእውነት የመለሰ ቤተሰብ፥ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ ያውቀዋል፤ የማያስፈራውን ሰው ደግሞ በከንቱ አያስቀይመውም። ልጆቻችን ከእኛ ይህን ሚዛን ወርሰው ቢያድጉ፥ ከእነርሱ መካከል አንዱ ነገ በአንድ አገር የማስጠንቀቂያ ወረቀት ለመጻፍ ብዕር ቢያነሣ፥ የሰውን ሥራ ይጽፋል እንጂ መልኩን አይጽፍም።